ከሰንበቴ ገበያ እስከ ደካን ተራሮች

በዚህ ወር ጽሑፋችን ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ ሰንበቴ ነው። ከሰንበቴም ባሕር ተሻግረን ህንድ እንደርሳለን። መንገዱ ረጅም ቢመስልም ከዛሬ አራት መቶ ዓመት በፊት የእኛው አገር ልጆች ያለ ፈቃዳቸው የተጓዙበት ነውና አብራችሁን እንድትዘልቁ እንጋብዛችኋለን።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። ስለ ህንድ ሙጋል ነገሥታት እያስተማርን ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ! ሙጋሎች ያን የሚያህል ዝሆንና መድፍ እያላቸው ማራታ የሚባሉት ፈረሰኞች እንዴት አቃታቸው? ማራታዎችስ ይህን ውጊያ ከማን ተማሩት?» ሲል ጠየቀ። እኛም፣ «መልሱን እሑድ ሰንበቴ ላይ ታገኙታላችሁ» አልናቸው። ልጆቹ ሳቁ። ሰንበቴንና ህንድን ምን አገናኛቸው?

የእሑዱ ገበያ

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከከሚሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚወርድ ሰው ካራቆሬንና አጣዬን አልፎ ፀሐይዋ ሳትከርር ሰንበቴ ይደርሳል። ሰንበቴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟም የገበያዋን ቀን ይናገራል፤ የባቲ ሰኞ ነው፣ የሰንበቴ ግን እሑድ። እኛም አምስት ተማሪዎች፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ አስከትለን በማለዳ ደረስን።

ገበያውን ያየ ሰው የአገሩን አቀማመጥ ያየ ያህል ነው። ከምሥራቅ፣ ከአዋሽ በኩል፣ አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። ከተራራው ጥግ የአርጎባ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ይወርዳሉ። ከሜዳው የኦሮሞ እናቶች ቅቤና ማሽላ ይዘው ይደርሳሉ። ከደጋው ደግሞ ከአማራው አገር እህልና ፈረስ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየሰማ፣ በሁለትና በሦስት ቋንቋ እየተከራከረ ይገዛል፣ ይሸጣል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤትና ንብረት ወድሟል። ያን የሚያስታውስ ሰው እነዚህን ሕዝቦች በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ነገሩን እንደ ተራ ነገር አያልፈውም።

ይህ ምድር የጥንቱ ይፋት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የወላስማ ሡልጣኖች እዚህ መንግሥት መሥርተው ነበር። በሸዋ ተራራ ሥር የሚገኙትን የአስበሪን፣ የመሰልንና የኖራን የከተማ ፍርስራሾች ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል፤ የመስጊዶቻቸው የድንጋይ ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የይፋት ሀብቱ መንገዱ ነበር። ከደጋው የሚወርደው ዕቃ በዚህ አልፎ ወደ ዘይላና ወደ ሌሎቹ የባሕር ወደቦች ይሄዳል፤ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ደግሞ በዚያው ይመለሳል።

ለተማሪዎቻችንም፣ «በዚህ መንገድ ምን ምን ያልፍ ነበር?» አልናቸው። «ጨው!» አለ አንዱ። «ቡና! ቅቤ! የዝሆን ጥርስ!» አሉ ሌሎቹ። አንዲት ልጅ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው» አለች። እውነትዋን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ በዚሁ በይፋት፣ ከዓልዩ አምባ አጠገብ በምትገኘው በዐብዱረሱል፣ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። የጥያቄያችን መልስ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ማራታዎችን ያስተማራቸው ሰው ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተሽጦ የሄደ ሐበሻ ነበር። ከሰንበቴ ሄደ ማለታችን አይደለም፤ የሄደው ግን እንደዚህ ባለ መንገድ ነው።

ከባርነት ወደ መንግሥት

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ታሪክ መሊክ አምበር ይለዋል። የተወለደው በ1548 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ ተሽጦ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ከየመን ወደብ ከሙኻ እስከ ባግዳድ እጅ እየቀያየረ ተጓዘ። በመጨረሻ የገዛው ነጋዴ ሚር ቃሲም ይባላል። የልጁን አእምሮ አይቶ አስተማረው፤ እስልምናንም በእርሱ ዘንድ ተቀበለ። አምበር የሚለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምበር ወደ ህንድ፣ ደካን ወደሚባለው ደጋማ አገር ተወሰደ። ያን ጊዜ በደካን ላይ አሕመድናጋር፣ ቢጃፑርና ጎልኮንዳ የሚባሉ የሙስሊም መንግሥታት ነበሩ። እነዚህ ነገሥታት በመኳንንቶቻቸው መካከል ያለውን ሽኩቻ ስለሚፈሩ ዘመድና ወገን የሌላቸውን ሐበሾች ለወታደርነት ይመርጡ ነበር። አምበርን የገዛው የአሕመድናጋር ጠቅላይ ሚኒስትር ቸንጊዝ ኻን ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ሲሆን በሥሩ 1,000 የሚያህሉ ሐበሾች ነበሩት። የሹመቱ ስም «ፔሽዋ» ነው። አንባቢ ሆይ! ይህን ቃል ያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቸንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ሲሞት ባለቤቱ አምበርን ነፃ አወጣችው። ነፃ ሰው ሆኖ ለቢጃፑር ሲዋጋ ቆይቶ «መሊክ» የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በ1595 ገደማ ወደ አሕመድናጋር ሲመለስ በእጁ የነበሩት 150 ፈረሰኞች ብቻ ናቸው።

በ1600 የሙጋሉ ንጉሥ የአክበር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዘ። መንግሥቱ አለቀለት ተባለ። አምበር ግን ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ አነገሠና ልጁን ዳረለት፤ ራሱም እንደራሴ ሆኖ ወደ ተራራው ገባ። 150 የነበሩት ፈረሰኞች ሺህ፣ ከዚያም ብዙ ሺህ ሆኑ። በ1610 አካባቢ በዚያ ያለፈ አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ በአምበር ሥር 10,000 ሐበሾችና 40,000 የደካን ሰዎች እንዳሉ ጽፏል።

መሊክ አምበርን ግን መልአክ አድርገን አናቅርበው። ያነገሠው ንጉሥ ሊፃረረው ሲነሣ በ1610 ተመርዞ ሞተ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም የአምበር እጅ አለበት ይላሉ። በምትኩ አንድ ሕፃን ተቀመጠ። የቤተ መንግሥት ደም ከማንም ወገን ቢሆን ያው ደም ነው።

ቀላል ፈረስ

ይህን እየተረክን ሳለ በገበያው ዳር አንድ ሽማግሌ እህል ሸምተው ግመላቸውን አንበርክከው ሲጭኑ አየን። ከተማሪዎቻችን አንዱ ሮጦ ሊያግዛቸው አንድ ጆንያ አንሥቶ በአንደኛው ጎን ላይ ደረበ። ሽማግሌው ሳቅ ብለው ጆንያውን ወደ ሌላኛው ጎን አዛወሩት።

«ልጄ፣ ማሻአላህ፣ ጉልበት አለህ» አሉት። «ግመል ግን በጉልበት አይጫንም። አንደኛው ጎን ከከበደ ከቁልቁለቱ ላይ ይጥልሃል። ብዙ ከጫንክ ደግሞ ጠላትህም ሌባህም ይደርስብሃል።»

እኛም፣ «አባቴ፣ የዛሬውን ትምህርት ጨረሱልን» አልናቸው። አምበር ያወቀው ነገር ይህን ነውና።

የሙጋል ጦር ከባድ ነበር። ሲዘምት ዝሆኑ፣ መድፉ፣ ድንኳኑ፣ ነጋዴውና አገልጋዩ አብሮ ይዘምታል። በሰሜን ህንድ ሜዳ ላይ ይህን የሚቋቋም አልነበረም። ደካን ግን ሜዳ አይደለም። ገደልና ጠባብ በር፣ ጠፍጣፋ አናት ያላቸው አምባዎች፣ በክረምት የሚሞሉ ወንዞች ያሉበት አገር ነው። የወሎንና የሸዋን አምባዎች የሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ ሳይቸግረው ይታየዋል።

በእነዚህ ተራሮች ውስጥ የሚኖሩት ማራቲ ተናጋሪ ሂንዱዎች፣ ማራታዎች፣ ናቸው። ፈረሳቸው ትንሽና ጠንካራ፣ ስንቃቸው በኮርቻቸው ላይ የተቋጠረ ጥቂት እህል ነው። አምበር እነዚህን ፈረሰኞች በሐበሾቹ ጎን አሰለፈ። ፊት ለፊት አይገጥምም። የጠላትን የስንቅ መንገድ ይቆርጣል፤ ሣሩን ያቃጥላል፤ በሌሊት ሰፈሩን ይመታል፤ ሲያባርሩት ወደ ገደሉ ይስባቸዋል። ይህ ውጊያ «ባርጊ ጊሪ» ይባል ነበር። «ባርጊር» ፈረሱን ከመንግሥት የተቀበለ ፈረሰኛ ነው፤ የራሱን ፈረስና መሣሪያ ይዞ የሚመጣው ደግሞ «ሺለዳር» ይባላል። በደካን ከአምበር በፊትም የደፈጣ ውጊያ ነበረ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የዓለምን ታላቅ ጦር የሚያቆም ሥርዓት ያደረገው ግን እርሱ ነው።

የአክበር ልጅ ንጉሥ ጀሃንጊር ብስጭቱን መሸሸግ አልቻለም። በ1616 ገደማ ባሣለው አንድ ሥዕል ላይ ንጉሡ በሉል ላይ ቆሞ በተቆረጠው የአምበር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር ይታያል። አምበር ግን ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላም አሥር ዓመት ኖሯል! በጦር ሜዳ ያልተገኘው ድል በቀለም ተገኘ።

ትልቁ ድል የመጣው በ1624 ነው። ሙጋሎችና ቢጃፑሮች ተባብረው ዘመቱበት። አምበር በባትቫዲ፣ በአሕመድናጋር አቅራቢያ፣ የአንድን ሐይቅ ግድብ አስፈርሶ ውሃውን ለቀቀባቸው። መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ መድፉና ዝሆኑ ተያዘ፤ ስንቅ ተቋረጠ፤ ወታደሩ ተርቦ መክዳት ጀመረ። ያን ጊዜ ፈረሰኞቹ ወረዱባቸው። በዚያ ቀን ከአምበር ጋር ከተሰለፉት ማራታዎች መካከል ሻህጂና ሸሪፍጂ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ሸሪፍጂ እዚያው ሞተ። ስማቸውን ልብ በሉ! አባታቸው ማሎጂ ሂንዱ ቢሆንም ልጆቹን ሻህ ሸሪፍ በተባሉ ሙስሊም ሸህ ስም እንደ ሰየማቸው ይነገራል።

ቀላል ግብር

ጦር ብቻውን መንግሥት አያቆምም። በተራራ ላይ የሚኖር ፈረሰኛ የሚበላው ገበሬው ሲያርስ ነው። ገበሬው ከተማረረ መንገድ ለጠላት ያሳያል፤ ከረካ ግን ዓይንና ጆሮ ይሆናል። አምበር ይህንንም አውቆታል።

በዚያ ዘመን ግብር የሚሰበሰበው በኮንትራት ነበር። አንድ ባለሀብት ለመንግሥት የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ የአንድን አገር ግብር ይገዛል፤ ከዚያ ያወጣውን እጥፍ አድርጎ ከገበሬው ይገፋል። አምበር ይህን አስቀርቶ መሬቱን እንደ ለምነቱ በደረጃ አስመደበ፤ ግብሩ በምርቱ ልክ እንዲሆንና በመንደር ሹሞች በኩል እንዲሰበሰብ አደረገ። የሒሳቡን ሥራ የያዙት በአብዛኛው ብራህማን የሆኑ ሂንዱ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሙስሊም እንደራሴ፣ ሐበሻ ወታደር፣ ማራታ ፈረሰኛ፣ ብራህማን ጸሐፊ! ልክ እንደ ሰንበቴ ገበያ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይዞ መጣ።

በ1610 አካባቢም ኺርኪ የምትባል መንደርን ከተማ አደረጋት። ውሃ የሌለበት ቦታ ነበርና ከተራራው ሥር በመሬት ውስጥ ቦይ አስቆፍሮ ውሃ አመጣ፤ «ነህረ አምበሪ» ይባላል፤ የአምበር ወንዝ ማለት ነው። ለብዙ ትውልድ ከተማዋን አጠጥቷል፤ ቅሪቱ ዛሬም አለ። ኺርኪ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ የታወቀችው ከተማ ናት፤ በ2023 ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ተለውጧል። በባርነት የተሸጠ ልጅ ለማያውቀው አገር ሕዝብ የሚጠጣ ውሃ አውርሶ አለፈ። የሚፈስ ውሃ ትቶ ማለፍ እንዴት ያለ ሰደቃ እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻንም።

አምበር በ1626 በሰማንያ ዓመቱ ገደማ ሞተ፤ በደውለታባድ አቅራቢያ በኹልዳባድ ተቀበረ። የጠላቶቹ የሙጋሎች ታሪክ ጸሐፊ ሳይቀር በጦር አመራርና በአስተዳደር ወደር እንዳልነበረው መስክሮለታል።

ከአምበር ወደ ሺቫጂ

ከአምበር ሞት በኋላ መንግሥቱ አሥር ዓመት ብቻ ቆየ። በ1633 ሙጋሎች ደውለታባድን ያዙ። የባትቫዲው ሻህጂ አምበር እንዳደረገው ሁሉ አንድ ሕፃን አንግሦ እስከ 1636 ተከላከለ፤ አልሆነለትም። ነገር ግን በ1630 አንድ ልጅ ተወልዶለት ነበር። ስሙ ሺቫጂ ነው፤ የማራታን መንግሥት የመሠረተው።

ሺቫጂ የወረሰው የአባቱን ርስት ብቻ አልነበረም፤ የአምበርን ዘመን ዕውቀት ጭምር እንጂ። ቀላሉን ፈረስ፣ ተራራውን፣ የስንቅ መንገድ መቁረጡን ወሰደ። የመሬት ግብር ሥርዓቱም አምበር በጀመረው ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያ ላይ የራሱን ጨመረ። በመቶ የሚቆጠሩ አምባዎችን ያዘ፤ አንድ ሹም ከድቶ እንዳያስረክብ በእያንዳንዱ አምባ ላይ ሥልጣናቸው እኩል የሆነ ሦስት ሹሞችን አስቀመጠ። ለወታደሩ ርስት ከመስጠት ይልቅ ደመወዝ መክፈልን መረጠ። የባሕር ኃይል አቋቋመ፤ ከባሕር ኃይሉ አዛዦች አንዱም ዳውለት ኻን የተባለ ሙስሊም ነበር። በ1674 በራይጋድ አምባ ላይ ሲነግሥ ስምንት ሚኒስትሮች ያሉት ምክር ቤት ነበረው፤ ዋናው ሚኒስትርም «ፔሽዋ» ተባለ። የቸንጊዝ ኻን ሹመት ማለት ነው! በ1680 ሞተ።

ሺቫጂን የሚጠላው ኻፊ ኻን የተባለ የሙጋል ታሪክ ጸሐፊ እንኳ አንድ ነገር አልካደውም፤ ወታደሮቹ መስጊድ እንዳይነኩ፣ ሴት እንዳይደፍሩ፣ ቁርኣን ቢያገኙ በአክብሮት ለሙስሊም እንዲያስረክቡ ማዘዙን ጽፏል። በሌላ በኩል ሺቫጂ የሱራትን የንግድ ከተማ በ1664ና በ1670 ሁለት ጊዜ ዘርፏታል። የሰውን ደግ ሥራ ስንናገር ክፉውን መሸሸግ፣ ክፉውን ስንናገርም ደጉን መሸሸግ ፍትሕ አይደለም።

የሚገርመው ሌላም ሐበሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ መኖሩ ነው። በህንድ ምዕራብ ጠረፍ ጃንጂራ በምትባል የደሴት ምሽግ ላይ «ሲዲ» የተባሉ የሐበሻ መሪዎች ነበሩ። ሺቫጂ ደጋግሞ ሞከራት። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ በእግር ሊደርስባት ተነሣ። አልተቻለም። ማራታዎች ጃንጂራን ከቶ አልያዟትም፤ የሲዲዎች ግዛትም ከህንድ ጋር እስከ ተቀላቀለበት እስከ 1948 ኖሯል። ማራታን በተራራ ላይ ያስተማረው ሐበሻ፣ በባሕር ላይ ያቆመውም ሐበሻ!

ጭነት ሲከብድ

የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ በ1681 ማራታዎችን ሊያጠፋ ራሱ ወደ ደካን ወረደ። ሩብ ምዕተ ዓመት ተዋግቶ ሳይሳካለት በ1707 እዚያው ሞተ። የተቀበረውም በኹልዳባድ፣ መሊክ አምበር በተቀበረባት ከተማ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማራታ መንግሥት ሰፋ። ሥልጣኑ ከንጉሡ ወደ ፔሽዋዎች አለፈ፤ ፈረሶቻቸው ሰሜን ህንድን ረገጡ። በሄዱበት ሁሉ ከአገሩ ግብር አራተኛውን እጅ፣ በላዩም አሥራት ይጠይቁ ነበር። የከፈለ ከዘረፋ ይድናል፣ ያልከፈለ ይዘረፋል። በ1740ዎቹ ቤንጋል ውስጥ እየደጋገሙ ባደረሱት ወረራ «ባርጊ» የሚለው ቃል እናቶች ሕፃን የሚያስፈራሩበት ስም ሆነ። ተመልከቱ! ገበሬውን ከጠላት የሚጠብቀው ፈረሰኛ ስም ከጊዜ በኋላ የገበሬው ማስፈራሪያ ሆነ።

ግብሩ እንደ ከበደ ጦሩም ከበደ። በ1761 ማራታዎች ከአፍጋኑ ንጉሥ ከአሕመድ ሻህ ዱራኒ ጋር በፓኒፓት ሜዳ ላይ ተገናኙ። ይዘው የሄዱት ቀላሉን ፈረስ ብቻ አልነበረም። ከባድ መድፍ፣ ትልልቅ ድንኳን፣ ሚስትና ልጅ፣ ለመሳለም የተከተለ ብዙ መንገደኛ ሁሉ አብሮ ነበር። ከባዱ ጓዝና ቤተሰቡ ከኋላ እንዲቀር፣ ውጊያውም በጥንቱ ስልት እንዲሆን የመከሩ ነበሩ፤ አልተሰሙም። አፍጋኖቹ የስንቅ መንገዱን ቆረጡ። አምበር በሙጋሎች ላይ ያደረገው በማራታዎች ላይ ደረሰ። ለወራት ተርበው ጥር 14 ቀን ተዋጉ፤ በአንድ ቀን ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መድፈኞቻቸውን እስከ መጨረሻው የመራው ኢብራሂም ኻን ጋርዲ የተባለ ሙስሊም አዛዥ ተማርኮ ተገደለ።

ማራታዎች ከዚያ በኋላም አንሰራርተው ነበር። የመሪዎቻቸው ቤቶች ግን እርስ በርስ ተጣሉ፤ ፔሽዋው በ1802 ከእንግሊዞች ጋር ውል ገባ። በ1818 የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የፔሽዋዎቹን መንግሥት አፈረሰ። ከ150 ፈረሰኞች ተነሥቶ አህጉር ያንቀጠቀጠው ስልት በነጋዴዎች ኩባንያ እጅ ወደቀ።

«ግመሉ አንደኛው ጎን ከበደው ማለት ነው» አለ ያ ጆንያ ያነሣው ተማሪ። ሁላችንም ሳቅን። የተናገረው ግን ቁም ነገር ነበር። ኃይል የሚጸናው የራሱ ጓዝ ሲቀልና በሕዝብ ላይ የሚጭነው ሲቀል ነው። ሁለቱ ጎኖች አብረው ነው የሚከብዱት።

የልጅቷ ጥያቄ

ፀሐይዋ ወደ አናታችን ስትወጣ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አረፍን። ወንዶቹ ልጆች ደስ ብሏቸዋል። «ለካ እንደዚህ ያለ ጀግና አለን!» እያሉ ይጫወታሉ። ቀደም ሲል «ሰው» ብላ የመለሰችው ልጅ ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ «ኡስታዝ፣ አምበርን የሸጡት እነማን ናቸው? ሙስሊሞች ናቸው?» ስትል ጠየቀችን።

እውነቱን እንናገር፤ ጥያቄው አስደነገጠን። በመድረሳ የተማርነውና በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርነው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡብን። እስልምና ባሪያን ነፃ ማውጣትን ታላቅ ዒባዳ እንዳደረገው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን የመሰለ ሰው ምን ቦታ እንደ ሰጡት ነግረናት ማለፍ እንችል ነበር። ያ እውነት ነው። ግን የጥያቄዋ መልስ አይደለም።

ስለዚህ፣ «አዎን፣ ልጄ» አልናት። «በቀይ ባሕር መንገድ ሰው ከሚሸጡት፣ ከሚያሻግሩትና ከሚገዙት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ክርስቲያን ነገሥታትና ሹማምንትም ማርከው ይሸጡ ነበር፤ ሌሎችም እንዲሁ። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አምበርን የኛ ነው ካልን የሸጠውም የኛ ነው። ጀግናውን ወስደን ሻጩን ለሌላ ሰው መስጠት አንችልም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ስንቱ አምበር መንገድ ላይ ቀረ?» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ያ ጥያቄ እስከ ከሚሴ አብሮን ተመለሰ።

ውድ አንባቢዎቻችን! ወጣቶቻችን ጀግና ፍለጋ ሩቅ ሲመለከቱ እናያለን። የመሊክ አምበርን ስም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ስትነግሯቸው ግን ሙሉውን ንገሯቸው፤ ድሉን ብቻ ሳይሆን ገበያውንም፣ ጀግናውን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም፣ ስሙ የታወቀውን ብቻ ሳይሆን ስማቸው ሳይታወቅ በአሸዋና በባሕር የቀሩትንም። አምበርን ታላቅ ያደረገው ቋንቋውና ሃይማኖቱ ከእርሱ የተለየውን ሰው በሚያውቀው ሥራ አምኖ ማሰለፉ፣ የገበሬውንም ሸክም መመዘኑ ነበር። ይህን ለመማር ህንድ መሄድ አያስፈልግም። እሑድ ማለዳ ሰንበቴ ገበያ ላይ፣ አፋሩና አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሚዛን ሲመዝኑ ማየት ይበቃል። ሚዛኑን መጠበቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሚዛናችንን የቀና ያድርግልን፤ ለገበያችንም ለመንደራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።